የሲስተር ዓለምሸት ስልክ

ሳብሪና ራውተሩን ከብረት ቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጥታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ከሶኬቱ ነቀለችው፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቃ መልሳ ሰካችው። ችግሩ እዚያ እንዳልሆነ ግን ከማንም በላይ ታውቃለች።

«ቦታው ሳይሆን አይቀርም» አለች። «ብረት ሲከልለው ይደክማል።»

ሲስተር ዓለምሸት ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ጭሮ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እነሳብሪና ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ዋይፋዩንም አብረው ነው የሚጠቀሙት።

«አሁንም እምቢ አለኝ» አለች ዓለምሸት።

እምቢ ይላታላ። ከአምስት ቀን በፊት ያገደቻት ሳብሪና ራሷ ናት። ዓለምሸት ከሥራ መልስ በቪዲዮ ስታወራ፣ ሳብሪና የምታየው ተከታታይ ፊልም እየቆመ ያበግናት ነበር። አንድ ቀን በንዴት የራውተሩን ገጽ ከፈተችና ከተያያዙት ስልኮች መካከል የዓለምሸትን መርጣ «አግድ» የሚለውን ነካች። ለዚያች ከሰዓት ብቻ ነበር ሐሳቧ። ፊልሙ ግን ሳይቆራረጥ ሄደላት፤ በማግስቱም ዝም አለች፣ በሦስተኛውም ቀን።

«የይለፍ ቃሉን አጥፍተሽ እንደገና ጻፊው እስቲ።»

«ሦስቴ ጻፍኩት እኮ። ስልኩ ነው ብዬ ትናንት መሀል ከተማ ወስጄ አሳየሁት። ፎርማት አደረጉት።»

የሳብሪና እጅ ራውተሩ ላይ ቀረ። «ፎቶዎቹስ?»

«ሄዱ።» ዓለምሸት ፈገግ ለማለት ሞከረች። «የሚኪ የሕፃንነቱ ሁሉ እዚያ ነበር። መጀመሪያ የተራመደ ቀን የቀረጽኩት እንኳ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም፣ ሞኝ ነኝ።»

ኃይለሚካኤል የአምስት ዓመት ልጇ ነው፤ ደብረ ማርቆስ አያቱ ጋ ይኖራል። የእነሳብሪና ሰፈር የሞባይል ኔትወርክ ለድምፅ እንጂ ለምስል አይሆንም፤ ልጁ ደግሞ የእናቱን ፊት ካላየ አይናገርም።

«ትናንት ስደውል ‹አላናግራትም› አለ» ስትል ዓለምሸት ቀጠለች። «‹እማዬ ዘግታኛለች› ብሎ ለእናቴ ነገራት።»

«ቆይ፣ አንድ ነገር ልሞክር» ብላ ሳብሪና ጓዳ ገባች። የራውተሩን ገጽ ከፍታ እገዳውን አነሳች። አምስት ሰከንድ እንኳ አልፈጀባትም።

ስልኩ ወዲያው ተያያዘ። ዓለምሸት እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች ደወለች። ፊቱን በትራስ የሸፈነ ልጅ ስክሪኑ ላይ ታየ። ደጋግማ ስትጠራው አንድ ዓይኑን ብቻ ከትራሱ በላይ ብቅ አደረገ።

«ለምን ዘጋሽኝ?»

«አልዘጋሁህም፣ የኔ ጌታ። ስልኬ ተበላሽቶብኝ ነው።»

ሳብሪና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አውርተው ሲጨርሱ ዓለምሸት ዓይኗን እየጠረገች ግቢው ውስጥ ምስር ወደምትለቅመው ወደ ሳብሪና እናት ሄደች። «ሀኒፋ፣ ልጅሽ እኮ ባለሙያ ናት። እነዚያ ስልክ ጠጋኞች ያቃታቸውን እሷ ሠራችው።»

«ወላሂ፣ ለዚህ ለዚህስ ማን ብሏት» አለች ሀኒፋ፤ ኩራቷ ግን ድምጿ ላይ ነበር። «አብሽሪ፣ ሌላም ጊዜ ከተበላሸ ጥሪያት።»

ሳብሪና ከውስጥ ሆና ሰማቻቸው። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ዓለምሸት እስከ መጨረሻው ስልኳን እንደወቀሰች፣ ራሷንም ሞኝ እንዳለች ትቀራለች። ልጁም ያደገበትን ፎቶ አንድ ቀን ሲጠይቅ «ስልኬ ተበላሽቶ ጠፋ» ትለዋለች።

ጫማ ሳታደርግ ወደ ግቢው ወጣች። ሁለቱም እየሳቁ ቀና ብለው አዩዋት። እናቷ አጠገቧ እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቀችላት፤ ሳብሪና ግን አልተቀመጠችም።

«ሲስተር፣ ስልክሽ አልተበላሸም ነበር» አለች። «ኡሚ፣ አንቺም ስሚ።»