የአዝመራው ፓይዘን

«የኔ ፈረስ የቱ ጋ ነው?» አሉ አያ ስማቸው፣ ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ መስኮት እያስጠጉ።

ናርዶስ ከሠራችው የፈረሰኞች ዳታቤዝ ካተመችው ዝርዝር ላይ ሰባተኛውን መስመር በጣቷ አሳየቻቸው። የሰፈሩ ፈረሰኞች ሰብሳቢ የሆኑት አያ ስማቸው አማርኛ አሳምረው ያነባሉ፤ ይሄ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው።

«ዳማ ነው የሚለው?»

«አዎ፣ አያ። ፕሮግራሙ የኛን ፊደል ያበላሽብኛል።»

«እንግዲህ ቅዳሜ በፈረስ ትርዒቱ ላይ ፈረሰኛውን የምንጠራው በዚህ ወረቀት ነው። ማን ያነብልናል?»

አልተቆጡም። ወረቀቱን መልሰውላት ወጡ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ናርዶስ መቀመጥ አቃታት። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ደግማ ተነሳች።

«ነግሬሽ ነበር» አለች ጓደኛዋ ቤዛዊት ከጎኗ። «የምትጽፊበት ቋንቋ፣ ፓይዘን ሁለት፣ ፋራ ሆኗል። በአዲሱ በሦስት ብትሠሪው አማርኛውን እንዳለ ዳታቤዙ ውስጥ ያስገባልሻል። ሁለቱም ኮምፒውተሩ ላይ አሉ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«በሁለትም እኮ ይቻላል ይባላል።»

«ከነጣጣው።»

ቤዛዊት ያላወቀችው አዝመራውን ነው። ይህ የናርዶስ ወንድም ኮሌጅ አቋርጦ ጫግኒ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ክረምት የሚያውቀውን ፓይዘን ሁለትን፣ ስልሳ ገጽ ሙሉ በእጁ ጽፎ አስተምሯታል። ከኮሌጅ ይዞ የተመለሰው እሱን ብቻ ነው፤ ሲያስተምራት ደግሞ ፊቱ ይበራ ነበር። አሁን «ያንተ አርጅቷል» ትበለው? በሦስት ሠርታ «በሁለት ነው የሠራሁት» ብትለውስ? አሰበችው። ግን ቅዳሜ ሊያይላት ይመጣል፤ ገና የመጀመሪያውን መስመር ሲያይ ይነቃባታል። ደግሞም አዝመራውን መዋሸት አስጠላት።

ወጥታ የትምህርት ቤቱን ግቢ ሁለቴ ዞረች። የእንጅባራ ብርድ ጣቶቿን አደነዘዘው። ሦስተኛውን ዙር ሳትጨርስ ደወለች።

«እህ፣ ዳታቤዙ አለቀ?» አለ አዝመራው። ከጀርባው የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።

«አላለቀም። አዝሜ፣ ሁለትን ልተወው ነው። በሦስት እንደ አዲስ ልጀምር ነው። አያ ስማቸው የገዛ ፈረሳቸውን ስም ማንበብ አቃታቸው።»

አዝመራው የባጃጁን ሞተር ሲያጠፋ ተሰማት።

«እኔም ያኔ የአማርኛው ፊደል አቅቶኝ ነው በእንግሊዝኛ ፊደል ያስተማርኩሽ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለቅዳሜ ስንት ቀን ቀረሽ?»

«ሦስት።»

«ታዲያ ከኔ ጋ ምን ታወሪያለሽ? ዝጊና ሥሪ።»

ናርዶስ ግን ቶሎ አልዘጋችም፤ «ቅዳሜ መምጣትህ አይቀርም አይደል?» አለችው።