ያልተተካው ዘብ

ሰላም በታወጀ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ በወጣ ሰሞን፣ ከወንዙ በላይ ያለው ታላቁ ምሽግ እንዲፈርስ ታዘዘ፤ ግንቡ ተናደ፤ የባሩዱ ቤት ተደረመሰ፤ የወታደሮቹ ቤተ ክርስቲያን ብቻ፣ ባለቀ ድድ ላይ እንደቀረች ጥርስ፣ በፍርስራሹ መካከል ቆማ ቀረች።

የአፍራሾቹ አለቃ የቀድሞ ወታደር ሲሆን በቅጽል ስሙ ናደው ይባላል፤ የራሱን አጥር እንኳ ማቆም አይችልም እያሉ ያሙታል፤ ለማፍረስ ግን እጁ ይባረክ! በዚያ ማለዳ መዶሻውን ይዞ ቢመጣ፣ አንዲት ሴት የቤተ ክርስቲያኗ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘ። ባሏ በከበባው ጊዜ በዚሁ ደጃፍ ዘብ ቆሞ ሳለ ወድቆ፣ እዚያው ከመድረኩ ሥር ተቀብሯል፤ ቤቱ ከፈረሰ አጽሙ ከድንጋዩ ጋር ተዝቆ ገደል ሊገባ ነው።

«እመት፣ ይነሡልኝ እንጂ።»

«የማፍረሱ አዋጅ ‹ዘብ ያለበት ቤት፣ ዘቡ ሳይነሣ አይነካ› ይል የለም ወይ፣ ጌታው? ለእኔ ሰው ተተኪ አልመጣለትም።»

አፍራሾቹ ሳቁ።

«ሞቶም ሥራ አልፈታም በሉኛ!» አለ ናደው፤ «እንግዲያው እኔው አሰናብተዋለሁ።» አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ «ዘብ! ተቀየር!» ሲል ጮኸ።

ሰው ከሌለበት ጨለማ ውስጥ የጠመንጃ ሰደፍ ድንጋዩን መታ።

«ማነህ?»

ሳቁ ተቆረጠ። የናደው አፍ ግን የጥንቱን የወታደር ልማድ አልረሳምና፣ «ወ... ወዳጅ» አለ።

«ተተኪዬስ?»

ሴትዮዋ መቀነቷን አጥብቃ መድረኩን ተሻገረች።

«እኔ ነኝ ተተኪህ።»

ከጨለማው የመጣው ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ «አንቺ? ይበርድሻል እኮ» አለ።

«የበረደውስ አንተን ነው። ሂድ፣ ዕረፍ የኔ ጌታ።»

ቀዝቃዛ ነገር ናደውን ታኮት አለፈ፤ ማንም ሳይታይ፣ ጤዛ ያዘለው ሣር እርምጃ በእርምጃ እየተኛ እስከ ወንዙ ወረደ።

«ቤቱ ዛሬም ዘብ አለበት» አለች ሴትዮዋ፤ «በሉ፣ መዶሻችሁን ሰብስቡ።»

ሰበሰቡ። እርሷም እስክትሞት ከዚያ ደጃፍ አልተለየች።

ዛሬ ግድግዳው ላይ ያለው የእብነ በረድ ጽሑፍ፣ ቤተ ክርስቲያኗን ያተረፋት የያኔው ገዢ የጥበብ ፍቅር ነው ይላል፤ ገዢው ግን ደጃፏን ረግጦ አያውቅም። ታሪክ ባለማዕረጉን ይጽፋል፤ ዘቡማ ይቆማል። ሴትዮዋን ማን እንደተካት የጻፈም የተናገረም የለም። እኛ የቤተ ክርስቲያኗ ጎረቤቶችም አመሻሽ ላይ ለብቻችን አንገባም፤ «ማነህ?» መባሉንስ በቻልነው ነበር፤ የምንፈራው ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነው።