ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጎድለው ውሃ

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ፈጠራ ቢሆንልኝ ከሁላችሁም በላይ ደስ የሚለው እኔን ነበር። ግን ሆኗል። በእኔ ቤት፣ በእኔ እጅ።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነው። ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ፀሐይዋ ፍንትው ያለች፣ የመንደሩ ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም ያለበት ሰዓት።

ቦታው ከዢዩ ወንዝ ዳር ያለው መንደራችን ነው። ከቤቴ ጀርባ ያለው ጋራዥ።

ስሜ ሳቢን ነው። ሠላሳ ዓመት አሮጌ መኪና ስጠግን ኖሬያለሁ። ለደንበኛ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነበረኝ። «ውሃ ዝም ብሎ አይጠፋም። ከጎደለ፣ የወጣበት ቀዳዳ አለ» እል ነበር።

አሁን እንዲህ ብዬ አልናገርም።

ባለቤቴ ስማራንዳ የሞተችው በመስከረም ነው። ሆዷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሙ ጠብታ ውሃ እንኳ እንዳልሰጣት አስጠነቀቀኝ።

«ሳቢን...»

«አቤት፣ የኔ ዓለም።»

«ውሃ...»

«አይቻልም። ነገ እሰጥሻለሁ።»

«ከንፈሬን ብቻ... አርጥብልኝ።»

ፈራሁ። ጨርቅ እንኳ ነክሬ አላስነካኋትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አረፈች።

እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የቀብሯ ዕለት ጎረቤታችን እትዬ ዛምፊራ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«አርባ ቀን ውሃ ይቀዳላት እንጂ! በየቀኑ አንድ ባልዲ በስሟ ለጎረቤት ትሰጣለህ። የሞተ ሰው ራሱ ቀድቶ አይጠጣም። የሚጠጣው በሰው እጅ የተቀዳውን ነው።»

«እትዬ ዛምፊራ፣ ይሄ የድሮ ሰው ወሬ ነው። ተዉኝ እባክዎ።»

«አንተ ልጅ፣ በውሃ ጥም እንደሄደች እያወቅህ!»

ትቻቸው ሄድኩ።

በአራተኛው ቀን መኪናዬ ሞቀች። በስልሳ ዘጠኝ የተሠራች ነጭ መኪና ናት። ስማራንዳን ከቤተ ክርስቲያን ሙሽራ አድርጌ ያመጣኋት በእሷ ነው። ኮፈኖውን ከፍቼ ባይ ራዲያተሩ ጎድሏል።

ከጉድጓዱ ቀድቼ ሞላሁት። በማግስቱ ጎደለ።

ሞላሁት። ጎደለ።

በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ተኩል። ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም።

እንዲህ ያለ አሮጌ ራዲያተር እስከ አፉ ከሞላችሁት ትርፉን ራሱ ይተፋዋል። ጀማሪ ይህን አይቶ «ያፈሳል» ይላል። እኔ ጀማሪ አይደለሁም። ሁለት ጣት ያህል አጉድዬ ነበር የምሞላው።

ፍለጋ ገባሁ። የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጨምቄ አየሁ። ማጥበቂያዎቹን ቀየርኩ። የውሃ ፓምፑ ሲበላሽ የሚያንጠባጥብባትን ትንሽ ቀዳዳ በጣቴ ነካሁ... ደረቅ። በማሞቂያው በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ብዬ ምንጣፉን ገለጥኩ... ደረቅ። ዘይቱ ውስጥ ውሃ አልገባም። የጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ የለውም። በሞተሩ ራስ ሥር ያለው የቴስታታው ጋስኬት ደህና ነው ማለት ነው።

መሬቱ ላይ አንዲት ጠብታ የለም።

አንድ ቀን በራዲያተሩ አፍ ላይ የግፊት መለኪያ ገጠምኩ። በእጅ እየተነፋ መርፌው ሽቅብ ይወጣል። ቀዳዳ ካለ መርፌው ይወርዳል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ጠፍቷል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሰባት ሰዓት... አልተነቃነቀም።

ስምንት ሰዓት... አልተነቃነቀም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረደ።

ግን ቀዳዳ እንዳለው ቀስ ብሎ አልነበረም የወረደው። ወረደ፣ ቆመ። ወረደ፣ ቆመ። ሰው ሲጎነጭ እንደሚያደርገው...

መለኪያው ተበላሽቷል አልኩ። ምን ልበል?

የሙያ ጓደኛዬ ፓትሩ ስነግረው በሳቅ ፈረሰ።

«ኧረ በል! መኪናህ ከእኔ በላይ ትጠጣለች!»

«ፓትሩ፣ አትቀልድ።»

«እሺ፣ እሺ። ንጹህ ውሃ ዱካ የለውም፣ ወንድሜ። ውሃውን ድፋና ይሄን አረንጓዴ ኩላንት፣ በብርድ የማይረጋውን የሞተር ማቀዝቀዣ ሙላበት። ውርጩም እየመጣ ነው። ከዚያ ጋራዡን አጨልመህ በዚህ በማውስህ ሐምራዊ መብራት ብታይ፣ የፈሰሰበት ሁሉ ያበራል።» ጣሳውን ሲያቀብለኝ አንድ ነገር ጨመረ። «ክዳኑን ደህና አድርገህ ግጠም። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው። ውሻ ይልሰውና አንጀቱን ያቃጥለዋል። የእኔ ውሻ እንደዚያ ነው የሞተችው።»

በማግስቱ ጠዋት ሞላሁት። በገዛ እጄ።

ስምንት ተኩል ላይ የጋራዡን በርና መስኮት በብርድ ልብስ ሸፈንኩ። ውጭው ብርሃን ነው፣ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ። መብራቱን ሳላበራ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

ዘጠኝ ሰዓት።

የራዲያተሩ ክዳን ሲዞር ሰማሁ።

ቀስ ብሎ... ክር... ክር...

ከዚያ ጉንጭ። አንዴ። ሁለቴ። በችኮላ። በጣም የጠማው ሰው እንደሚጠጣው።

ከዚያ ቆመ።

ሳል ተሰማ። ከዚያ ማስመለስ... ደረቅ፣ የሚያም ማስመለስ።

«ማነው?» አልኩ በሹክሹክታ።



መብራቱን አበራሁ።

ሞተሩ ላይ ምንም የለም። ቱቦዎቹ ንጹህ፣ ፓምፑ ንጹህ። የራዲያተሩ አፍ ጠርዝ ላይ ግን የሁለት ከንፈሮች ምልክት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ጎንበስ ያለ ሰው በሚደገፍበት በኩል ደግሞ የአራት ቀጫጭን ጣቶች አሻራ።

ወለሉ ላይ የተተፋ ነገር ተረጭቷል። ከመኪናው እስከ በሩ ድረስ... እያበራ።

«ስማራንዳ?»

ከብርድ ልብሱ ማዶ፣ ከበሩ አጠገብ፣ የደከመ ድምፅ መጣ።

«ሳቢን... ምን አጠጣኸኝ?»

ብርድ ልብሱን ገንጥዬ ወጣሁ። ግቢው ባዶ ነው። ፀሐይ ብቻ።

መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በሕይወት እያለች ጠብታ ከለከልኳት። ሞታ ስትመጣ መርዝ ሰጠኋት። ከዚህ በላይ ምን ክፋት አለ?

ያን ዕለት ኩላንቱን ደፋሁት። ራዲያተሩን ሰባት ጊዜ አጠብኩት። በመብራቱ ሳየው አንዲት ነጥብ እስከማታበራ ድረስ አጠብኩት። ከዚያ ከጉድጓዱ ንጹሁን ቀድቼ ሞላሁ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩ።

«ነይ» አልኩ። «ንጹህ ነው። መጀመሪያ እኔ ቀመስኩት። ነይ ጠጪ።»

አልጎደለም።

በሁለተኛው ቀን አልጎደለም። በሦስተኛውም።

ፓትሩ መጥቶ ክዳኑን ከፈተና ትከሻዬን መታ። «አገኘኸው አይደል! እኔ ምን አልኩህ? ይኸው ተጠገነች!»

ዕንባዬን ሲያይ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

በማግስቱ ባልዲ ሞልቼ ለእትዬ ዛምፊራ ወሰድኩ። አሮጊቷ «ይድረሳት» ብለው ተቀበሉኝ። በየቀኑ ወሰድኩ። ባልዲ ተሸክሜ ስሄድ የመንደሩ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ።

በሳምንቱ እትዬ ዛምፊራ በር ላይ ጠበቁኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሳቢን፣ ልጄ... አንተ ያመጣኸው ውሃ አይነካም። ባልዲው እንደሞላ ነው የሚያድረው።»

«እና?»

«ዶሮዎቼ... ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ጣራ ላይ ይወጣሉ። ሲወርዱ ገንዳቸው ደርቆ ይገኛል። ጠዋት በእጄ የሞላሁት ገንዳ።»

«ድመት ይሆናል።»

«ድመት አይደለም። ና እይ።»

ከቤታቸው ጀርባ ወሰዱኝ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ገና አምስት ደቂቃ አልሞላም። ዶሮዎቹ ጣራው ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል፣ አንዲቷም ድምፅ አታሰማም።

ባልዲዬ ግንቡ ሥር ሙሉ ነው። ስማራንዳ በአጠገቡ አልፋ ሄዳለች።

ገንዳው የዶሮ ኩስና ላባ ያለበት ነው። ደርቋል። ዙሪያው ጭቃ ነው።

ጭቃው ላይ የሁለት ጉልበትና የሁለት መዳፍ ምልክት ነበር። ውሃ ገና እየሰረገ ይገባባቸው ነበር።