ከአርባ እርምጃ ወዲያ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፹፯ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር፣ በዋዮሚንግ ግዛት የመጀመሪያው በረዶ ወርዶ ነበር፤ ያለፈው ክረምት ብርድ የከብቱን እኩሌታ ስለ ፈጀው ከብት አርቢው ሁሉ ሆዱ ሻክሮ፣ በተረፈችው ሣር ላይ በግ እየነዳ የሚመጣውን ሰው በክፉ ዓይን ይመለከተው ነበር። ከባለ በጎቹ አንዱ አንደርስ ቶፍት በዚያ ሳምንት ወንዝ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ደረቱን በጥይት ተመትቶ፣ ሞቶ ተገኘ።

ተኳሹ አልተሰወረም። ከብት አርቢው ላይል ቫርኒ ራሱ ፈረሱን ጋልቦ መጥቶ ለመርማሪው ዳኛ ለሆረስ ፔል ቃሉን ሰጠ፤ በመቶ ሃያ እርምጃ ላይ አጋዘን አይቶ በትልቁ ሽጉጡ እንደ ተኮሰ፣ አጋዘኑን ስቶ ከኋላ የነበረውን ሰው እንደ መታ ተናገረ። ዱካውን በረዶ አልብሶታልና ለርቀቱ ከላይል በቀር ምስክር አልነበረም።

የሚስቱ አባት ጊዲዮን ስትሬክ ይህን ቃል ሦስት ጊዜ ሰማ፤ በሦስቱም ጊዜ አንዲት ቃል አልተዛነፈችም። እውነት የሚናገር ሰው ይረሳል፣ ራሱን ያርማል፤ ላይል ግን እንደ ዳዊት ነበር የደገመው። ሽማግሌውን ጥርጣሬ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ብል ይበላው ጀመር፤ ነገሩ ሆን ተብሎ የተሠራ ከሆነ ላይልን የሚጠብቀው ገመድ ነበርና፤ ልጁ ሌቲ ደግሞ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች።

ጊዲዮን ለባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሥጋ እያደነ ያደገና ያረጀ ሰው ስለ ነበር፣ ዳኛው ሽጉጡን እንዲፈትን አዘዘው፤ በሞቱ ላይ ብይን የሚሰጡት ስድስት የሸንጎ ሰዎችም፣ ሁሉም ከብት አርቢዎች፣ ሜዳ ላይ ቆመው ይመለከቱ ነበር። ሽማግሌው እንደ ልማዱ የቆርቆሮ ሳህን ከግንድ ላይ ቸነከረ፤ ምክንያቱም የአጋዘን ልብና ሳንባ ከሳህን አይሰፋም፤ አምስት ጥይት ተተኩሶ አምስቱም ሳህኑን እስከሚያገኙበት ርቀት ድረስ አደን ነው፣ ከዚያ ወዲያ አውሬውን ማሠቃየት ነው ይል ነበር። በአርባ እርምጃ አምስቱም ገቡ። በስድሳ ሁለቱ ሳቱ። በመቶ ሃያ ሳህኑን የነካ አልነበረም።

የሸንጎው ሰዎች ፊት ፈታ አለ። አንዱ፣ በዚህ ርቀት እንኳን ሰው ጎተራም አይመታ፣ ሟቹ ያልታደለ ሰው ነው እንጂ ብሎ አላገጠ።

ጊዲዮን ግን ወደ ልጁ ባል ዞረ።

«ላይል፣ አምና በመከር ያን ቀንዳም አጋዘን በስድሳ እርምጃ ለምን ተውከው?»

«ሩቅ ነበራ፣ አባቴ። ሳህኑን ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?»

ላይል አጋዘኑን በተወበት ቀን ቤት ውስጥ አንዲት ቁራሽ ሥጋ አልነበረም፤ ጊዲዮንም ልጄን ለሰው ሰጠሁ ብሎ የኮራው ያን ቀን ነበር።

«ተርበህ ስድሳ ከራቀህ፣ ጠግበህ መቶ ሃያ እንዴት ቀረበህ?»

ላይል መሬት መሬት አየ።

«ጋሼ ጊዲዮን፣» አለ ዳኛ ፔል ቀስ ብሎ፣ «እኛ የጠየቅንዎ ስለ ሽጉጡ ነው። ስለ ሰውየው ማን ጠየቀዎት?»

የሸንጎው ብይን ከምሳ በፊት ተጻፈ፤ እህል ቢያንቅ በውኃ ይዋጣል፣ ውኃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል? ማታውን ሌቲ አባቷን አንገቱን አቅፋ፣ ባሌን አተረፍክልኝ ብላ አለቀሰች፤ ባሏ ከቅርብ አልሞ ሳይተኩስ እንዳልቀረ ለስድስት ሰዎች የጠቆመውን ለእርሷ ለመናገር አቅም አጣ።

በመዝገቡ ላይ አራት መስመር ብቻ ይገኛል፤ አዳኙ ጊዲዮን ስትሬክ ሽጉጡን ፈትኖ በመቶ ሃያ እርምጃ ዒላማ እንደማይመታ ስላረጋገጠ፣ የአንደርስ ቶፍት ሞት ድንገተኛ ነው ይላል። የአገሩም ሰው ሽማግሌውን እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው አማቹን ከገመድ ያዳነ ሰው እያለ ነው።