ስም ያልተጠራበት ጡሩንባ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ከመሀል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ፣ ልጅ ሆኜ መርሳ ውስጥ "እዚያ ወንዝ ዳር ጅን አለ" ሲባል ሆን ብዬ በዚያው በኩል የምዞር፣ አድጌም ጓደኞቼ ስለ ዛርና ስለ ቡዳ ሲያወሩ "እናንተ ሥራ ፈታችሁ" እያልኩ የማሾፍ ነበርኩ፣ እናም ወዳጄ ይህን የምነግርህ ላስፈራህ ብዬ ሳይሆን እስከ ዛሬ መልስ ስላጣሁለት ነው። ደግሞ በጨለማ የሆነ ነገር አይምሰልህ፣ በማለዳ ፀሐይ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያለቀ ነው፣ ወልድያ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት።

እኔ እዚያ የሙዚቃ ክበቡን አስተባብራለሁ፣ ትሮምቦንም እነፋለሁ፣ ያ ክንዱን ወደፊት እየገፉ ወደኋላ እየሳቡ የሚነፉት ረጅም የናስ መሣሪያ። መምህር ዳዊት የሚባል ጎበዝ ነፊ ከአዲስ አበባ መጥቶ አንድ ቀን ሙሉ ሊሰጠን ፈቀደ፣ ጠዋት ማስተር ክላስ፣ ከሰዓት በኋላ ኮንሰርት፣ "የትሮምቦን ቀን" ብለን ፖስተር ለጠፍን። ችግሩ በአምባሰል ቅኝት ያዘጋጀው ዜማ ለሰባት ትሮምቦን ነው፣ እኛ ያለን ስድስት ብቻ። ሰባተኛው የት እንዳለ ግን አውቅ ነበር፣ መርሳ፣ እናቴ አልጋ ሥር።

የታላቅ ወንድሜ የእንድሪስ ነው። መንፋት ያስተማረኝ እሱ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከሲሪንቃ ወደ መርሳ በእግሩ ሲመጣ ያየው ሰው አለ፣ ቤት ሲገባ ያየው ግን የለም፣ ይኸው እስከ ዛሬ። እኛ ወሎዎች እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ቅሬ ይባላል፣ የሰፈራችን ቅሬ ስንት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ "ዘሀራ፣ ሰደቃውን እናውጣለት፣ ለቅሶሽን ተቀመጪ" ቢላት እናቴ እምቢ አለች። "ሬሳ ሳላይ መርዶ አልሰማም፣ ልጄ አለ" ነው መልሷ። ማስረጃዋ ምን መሰለህ? ጁምዓ ጁምዓ ትሮምቦኑን አውጥታ ስትወለውል መንፊያው፣ ያ ከንፈር የሚገጠምበት ብረት፣ ይሞቃል ትላለች። "ነክተህ እየው ሰይዶ፣ አሁን ከአፉ ያነሳው እኮ ነው የሚመስል።" ነክቼዋለሁ፣ እውነትም ይሞቃል፣ ግን በመርሳ ሙቀት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ብረት ባይሞቅ ነው የሚገርመው እያልኩ በልቤ እስቅ ነበር።

ስለምናት ሰጠችኝ፣ በአንድ ነገር ብቻ፣ እሷም አብራ መጥታ በዚያው ቀን ይዛው ልትመለስ። እኔ ልነፋው ልቤ አልቆርጥ ስላለ ትርሲት ለምትባል ጎበዝ ተማሪዬ ሰጠኋት።

በማለዳ መምህር ዳዊት አየሩን ወደደውና ሰፈሩን ቁልቁል በሚያየው ሜዳ ላይ ሰባታችንን አሰልፎ ረጅም ድምፅ አስነፋን። ትንፋሽ እስኪያልቅ አንድ ድምፅ፣ እረፍት፣ እንደገና፣ እረፍት፣ እንደገና። እሱስ አዲስ አበቤ ነው፣ አይፈረድበትም፣ እኔ ግን የአገሩ ልጅ ሆኜ እንዴት አልታየኝም! በማለዳ ሦስት ጊዜ ረጅም ጡሩንባ ሲነፋ እኛ ዘንድ ትርጉሙ አንድ ነው፣ ሰው ሞቷል፣ ነፊው ከሦስተኛው በኋላ የሟቹን ስም ይጠራል፣ አገሩም ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና አካፋ የያዙ ወንዶች "ማን ነው? ኧረ ማን ነው?" እያሉ አጥሩን ሞሉት። እኛ በሳቅ ሞትን፣ አንዲት ሴት ደግሞ "ማንም ካልሞተ ለምን ታስለቅሱናላችሁ" ብላ ስትቆጣ ይባስ ሳቅን።

ያልሳቁት አባ ይመር ናቸው፣ የግቢው ጎረቤት ሰፈር ቅሬ ጡሩንባ ነፊ፣ ትውልዳቸው ግን መርሳ ስለሆነ ቤተሰባችንን ከድሮ የሚያውቁ። ቀጥ ብለው ወደኔ መጡ።

"የማን ስም ይጠራ?" አሉኝ።

"ማንም አልሞተም አባ ይመር፣ ትምህርት ነው።"

"እሱንማ አየሁ። ግን ተነፍቷል። ሦስት ጊዜ ተነፍቶ ስም ካልተጠራለት፣ ሞት ራሱ ከነፊዎቹ መሀል አንዱን ፈልጎ ይወስዳል። ቀድሞ በሞቱ የተጠራ ሰው ስም ደግሞ አይሆንም። ሞቶ ሳይጠራ የቀረ ሰው ካለ እሱን እንጥራና ይዘጋ።"

ይህን ሲሉ ትርሲት የያዘችውን ትሮምቦን ያዩ ነበር። የማንን ስም ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ፣ ደሜ ፈላ፣ ምክንያቱም እናቴ እዚያው አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ትሰማለች።

"ይሂዱልኝ አባ ይመር" አልኳቸው፣ "ዳግመኛ እናቴ ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዳይናገሩ።"

ሄዱ። እናቴ መሬት መሬቱን ታያለች።

ከዚያ አዳራሽ ገባን። መምህር ዳዊት እጁን ሲጨብጥ ሁላችንም እናቆማለን፣ አንድ ድምፅ ግን ትንሽ ይተርፋል። "ማነው እጄን የማያይ?" አለ። ደገምን፣ አሁንም ተረፈ። አንድ በአንድ አስነፋን፣ ሁሉም በልኩ ያቆማል። አንድ ላይ ስንነፋ እንደገና ያች ቀጭን ጭራ ትቀራለች። "የአዳራሹ ማሚቶ ነው" አለና አለፈው፣ ግን እመነኝ፣ ከዚያ በኋላ እጁን በጨበጠ ቁጥር ጆሮውን ሲቀስር አየሁት።

ለምሳ ስንወጣ መሣሪያዎቹን ክፍል ውስጥ ቆለፍኩ፣ ቁልፉ ኪሴ ነበር። ስንመለስ ትርሲት ትሮምቦኑን አንስታ አፏ ላይ ስታደርግ ጮኸች። መንፊያው ያቃጥላል። ደግሞ ስትነፋ ትንፋሽህ ውስጥ ለውስጥ ውሃ ይሆናል፣ በታችኛው ቀዳዳ ታፈስሰዋለህ፣ ያቺን ስከፍታት ውሃው ተንዠቀዠቀ፣ ሰው ምሳውን ትቶ እዚያ ቁጭ ብሎ ሲነፋ የዋለ ያህል። "እኔ ይህን አልነካም ጋሽ ሰይድ" ብላ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። የኔን ሰጠኋትና የእንድሪስን እኔ ያዝኩ። አልፈራሁም ብልህ ውሸት ነው፣ ግን ተማሪዎቼ ፊት ነኝ።

ኮንሰርቱ ሲጀመር አዳራሹ ግጥም ብሏል። እናቴ ከፊት ተቀምጣለች፣ አባ ይመር ደግሞ ጡሩንባቸውን በብብታቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፣ ማን እንደጠራቸው አላውቅም። የአምባሰሉ ዜማ የመጨረሻችን ነበር፣ ወላሂ እንደዚያ ቀን ተነፍቶ አያውቅም። መምህር ዳዊት እጁን ጨበጠ፣ አቆምን፣ ትሮምቦኑን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ። ጭብጨባው ገና አልተጀመረም።

አንድ ረጅም ድምፅ ተነፋ።

አፌ ዝግ ነው፣ ብረቱ ግን ግራ እጄ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። መምህር ዳዊት ሊቆጣኝ ዞረ፣ ከንፈሬን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ሁለተኛው ተነፋ። ሦስተኛው። ከዚያ ዝም አለ፣ ሰውም ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ የለመደው ነገር ነውና ስሙን ለመስማት ከየወንበሩ ብድግ አለ። ያን ጊዜ ከጀርባዬ አንድ ሰው ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁ፣ ሊጣራ ያለ ሰው የሚስበውን ዓይነት ትንፋሽ፣ ማጅራቴ ላይ። ከጀርባዬ ግድግዳ ነው ያለው።

እናቴ ተነሳች። የምታየው እኔን አይደለም፣ ከራሴ በላይ፣ ከኔ ዘለግ ያለ ሰው እንደምታይ ቀና ብላ ነው፣ እንድሪስ ደግሞ በቁመት ያን ያህል ይበልጠኝ ነበር።

"እሱን ተው!" አለች። "አንዱን እንኳ ተውልኝ!"

ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

"አባ ይመር፣ ይንፉ። እንድሪስ መሐመድ ብለው ይጥሩልኝ። የዘሀራ ልጅ፣ የመርሳው።"

እኔ "እማ፣ ተይ!" ብዬ ጮህኩ። አባ ይመር ግን ደጅ ወጥተው ሦስት ጊዜ ነፉ፣ የወንድሜንም ስም ጠሩ። ከጀርባዬ ያለው ትንፋሽ ቆመ። እናቴ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እነዚያን ዓመታት ሁሉ ይዛው የኖረችውን ለቅሶ ለቀቀችው፣ እኔም እላይዋ ወደቅኩ።

ለቅሶ ተቀመጥን፣ ሰደቃውም ወጣ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም መጥቶ አስተዛዘነን። መምህር ዳዊት አንዳንዴ ይደውላል፣ ስለ ጤናና ስለ ኑሮ እናወራለን፣ ስለዚያ ቀን ሁለታችንም አናነሳም። አባ ይመር "ተዘግቷል፣ አብሽር" ይሉኛል። ይሁን እንጂ አንድ ቀን እናቴን "ከኋላዬ የነበረው እንድሪስ ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። "ፊቱን አላየሁም" አለችኝ።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው ወዳጄ። እንድሪስ ካልሆነ፣ እንድሪስ ያን ቀን የሆነ ቦታ በሕይወት ከነበረ፣ እኔን ለማትረፍ የጠራነው የሕያው ሰው ስም አልነበረም ወይ፣ በኔ ፈንታ እሱን አልሰጠንም ወይ? ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ታስበው አታስበው አላውቅም፣ ብቻ ትሮምቦኑን መወልወል ትታለች። ባለፈው ጁምዓ መርሳ ሄጄ እሷ ጎረቤት ስትወጣ ከአልጋው ሥር አወጣሁት። ቀኑ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ብርድ ልብሱም ያው ብርድ ልብስ ነው። መንፊያውን በእጄ ነካሁት፣ አላመንኩምና ከንፈሬ ላይ አደረግኩት።

በረዶ ነው።