ላስቲክ የለበሰው ወንበር

እሑድ ጠዋት ነው። በአዳማ ዋና ጎዳና ያለ ሾፌር የሚሄዱት መኪኖች ባለቤቶቻቸውን ገበያና ቤተ ክርስቲያን አድርሰው፣ ለራሳቸው ጥላ ፈልገው ቆመዋል። ይሄ ለማንም ብርቅ አልነበረም። ደግፌን እንቅልፍ የነሳው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሁለቱ መኪኖች የትኛዋን ይግዛ?

ሁለቱም ኤስዩቪ የሚሏቸው፣ ከፍ ብለው የሚቆሙ፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆኑ ትናንሽ መኪኖች ናቸው። «ባልንጀራ» የብዙኃኑ ናት። የዕቃ መጫኛዋ ሰፊ ነው፣ መለዋወጫዋ በየጉራንጉሩ አይጠፋም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይዟታል። ስትነሳ «ወዴት ልሂድ?» ትላለች፤ ይነገራታል፤ ትሄዳለች። «ዙፋን» ከቅንጡዎቹ ወገን ናት፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ከቅንጡዎቹ ሁሉ ትንሿና ርካሿ። ቢሆንም ግንባሯ ላይ ያለው ምልክት ያው የታላላቆቿ ነው። ደግፌም የዕድር ሊቀ መንበር ነውና፣ ድንኳን ፊት ለፊት ከእሷ ሲወርድ ደጋግሞ ታይቶታል።

የዙፋን የፊት ወንበሮች ልበ-መሪ ይባላሉ። ልበ-መሪ የተቀመጠበትን ሰው የደም ምትና የገላ ሙቀት አዳምጦ፣ በስልኩ ከያዛቸው አድራሻዎች መካከል የናፈቀውን ለይቶ፣ ሳይነገረው የሚወስድ ወንበር ነው።

«ጋሼ፣ እንዲያነብዎ የወንበሩ ላስቲክ መነሳት አለበት» አለች ሻጯ ኤልዳና።

«ምን ሲደረግ! ገና ሳትገዛ ላስቲኳ ይነሳል?»

በደግፌ አይፈረድም። ያገሩ ሰው የአዲስ መኪና ላስቲክ ተቀዳዶ እስኪያልቅ ድረስ አያነሳም። የዙፋን መሐንዲሶች ሁሉን ሲያስቡ ይህቺን አላሰቧትም። ኤልዳናም ለአንድ ቀን ሙከራ ምን አጨቃጨቀኝ ብላ ስቃ ተወችው።

ባለቤቱ ዘርትሁን ከጎኑ ተቀመጠች። ባልንጀራዋ እንደምትሻል አንድ ጊዜ ተናግራ ዝም ብላለች። ዝምታውን ከለመደችው አራት ዓመት ሆኗታል። አንድያ ልጃቸው ብሌን ሽማግሌ ሳታስልክ፣ ማዘጋጃ ቤት ፈርማ አገባች። በሽምግልና የስንቱን ደጅ የረገጠው ደግፌ በገዛ ቤቱ ተዋረድኩ አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም» ብሎ ስሟ እንዳይነሳ ከለከለ። ዘርትሁን የልጇን ክፍል ትጠርጋለች፣ መስኮቱን ከፍታ ትዘጋለች። እሱ በዚያ በር በኩል ሲያልፍ እርምጃው ይፈጥናል።

ዙፋን ድምፅ ሳታሰማ ተነሳች። ሙቀቱ ሲበረታ ላስቲኩ የዘርትሁን ጀርባ ላይ ተጣበቀ፤ ከጎን ቀደደችና ከሥሯ ጎትታ አወጣችው። ደግፌ መንገድ መንገዱን እያየ ስለነበር አላስተዋለም።

ሞጆ ሲደርሱ መኪናዋ ወደ ደቡብ ታጠፈች።

«ወዴት ነው የምትወስደን?» አለ።

«ልብ አንባቢ አይደለች? ልብህን ጠይቀው» አለች ዘርትሁን።

ቆቃ ሲደርሱ ሳቀ። «ዓሣ አምሮኝ ነው ለካ!» መኪናዋ ዓሣ ቤቶቹን ዞር ብላ ሳታይ አለፈች። ዓለም ጤና የምትባለውን ከተማም አለፉ። መቂን ሲያልፉ የደግፌ ሳቅ ጠፋ። ከፊት ያለው ባቱ ነው። ብሌን የምትኖረው ባቱ ነው።

«ተመለሺ!» ብሎ መኪናዋ ላይ ጮኸ።

«የአፍ ትእዛዝና የልብ መሻት ሲጋጩ የልብን አስቀድማለሁ» አለች ዙፋን በትሕትና።

ደግፌ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። በማሽን ፊት እንደተያዘ ሌባ ሆነ። ከዚያ ለዘርትሁን ተናገረ።

«እሺ፤ ናፍቃኛለች። አድራሻዋን ማን እንደሰጠኝ አትጠይቂኝ፣ ስልኬ ላይ ነው፤ በየቀኑ ከፍቼ አየዋለሁ። ሕፃን ሆና እግሬ ላይ ካልቆመች አትራመድም ነበር... እኔ ነኝ የማራምዳት። ጫማ ባጠለቅሁ ቁጥር ያ ክብደቷ እግሬ ላይ ይመጣብኛል። ምን ላድርግ፣ ዘርትሁን?»

 የዘርትሁን እንባ ነጠላዋ ላይ ይወርዳል። ልጄን የምናፍቃት እኔ ብቻዬን ነኝ ብላ ነበር እስከዛሬ የኖረችው።

ባቱ፣ አንድ ሰማያዊ የብረት በር ፊት ለፊት መኪናዋ ቆመች። ወዲያው ስልኩ ጠራ፤ ኤልዳና ናት።

«ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ፤ ብልሽት አለ። የርስዎ ወንበር ከጠዋት ጀምሮ አንድም ነገር አልሰማም፤ ላስቲኩ ዘግቶታል። መኪናዋ እስካሁን የሄደችው በእትዬ ልብ ነው።»

ደግፌ ዞሮ ባለቤቱን አያት።

«እኔ ነኝ» አለች ዘርትሁን፤ «ላስቲኩ አቃጠለኝና አነሳሁት። አድራሻዋ የኔም ስልክ ላይ አለ። ከፈለግህ እንመለስ። ለማንም አልናገርብህም።»

መመለስ ይቻል ነበር። ለካ ማንም አላነበበውም። ያን ሁሉ የዘከዘከው ማሽን አጋለጠኝ ብሎ ነው፤ ያ ባይሆን ከነናፍቆቱ መቃብር ይወርድ ነበር። አጠገቡ ያለችው ሴት ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ የዚህኑ ግማሽ ብትሰማ ይበቃት ነበር። ይህን ሲያስብ በራሱ አፈረ።

«ኤልዳና፣ ባልንጀራዋን አዘጋጂልኝ» አለ በስልኩ።

«ዙፋኗ እኮ ምንም አልሆነችም፣ ጋሼ! ላስቲኩን ማንሳት ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። እኔ ግን የምሄድበትን በአፌ መናገር ልልመድ።»

ከመኪናዋ ወረደ። በሰው ደጅ ቆሞ ንግግር መክፈት ያውቅበታል፤ ወንድምን ከወንድም፣ ባልን ከሚስት ሲያስታርቅ ቃል አጥሮት አያውቅም። ዛሬ ግን ሽማግሌውም እሱ፣ ጥፋተኛውም እሱ ነው። በሩን አንኳኳ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ የብሌን ድምፅ።

አፉን ከፈተ፤ ቃል እምቢ አለው። ዘርትሁን ከኋላው መጥታ ቆመች፤ በእሱ ፈንታ ልትመልስ ግን አልፈለገችም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ደግፌ። «አባትሽ።»

በግቢው ውስጥ የነጠላ ጫማ ኮቴ ወደ በሩ መጣ፤ መሐል ላይ ቆመ። ከዚያ ሮጠ።