በእጁ የተገኘው ገመድ

ሟቹ በሆስፒታሉ የሰርቨር ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ በቀኝ እጁ የኃይል ገመድ እንደያዘ ተገኘ። ማጅራቱ የብረት መደርደሪያውን ጠርዝ መትቶ ተሰብሯል። አየር ማቀዝቀዣው እንደ ወትሮው ያጉረመርማል፤ የሚያበርደው ነገር ግን አልነበረውም፤ ትልቁ ሰርቨር ጠፍቶ ነበር።

ሆስፒታሉ ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም። ረፋዱ ላይ የማይታወቅ ሌባ በኔትወርኩ ሰርጎ ወደ ኮምፒውተሮቹ ገብቷል። ሟቹ የመረጃ ደህንነት ባለሙያ ነው። ስለዚህ በምሳ ሰዓት በድንጋጤ ኃይሉን ሊያቋርጥ ገመዱን ሲመነጭቅ ሚዛኑን ስቶ ወደቀ፤ ተባለ። ገመዱ ሲነቀል የሕሙማኑ መረጃ ከየክፍሉ ስክሪን ጠፋ፤ በዚያው ቅጽበት በማዋለጃ ክፍል የነበረች አንዲት ወላድ ሰውነቷ የማይቀበለው መድኃኒት ተሰጥቷት ሞተች። ማስጠንቀቂያው የተቀመጠው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነበር።

የሟቹ ሚስት መርማሪውን ያገኘችው በማግስቱ ጠዋት በሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ቆማ ጠብቃ ነው።

«ነገ እቀብረዋለሁ» አለችው። ዓይኗ ደርቋል። «የወላዷ እናት ደጄ ድረስ መጥተው ‹ልጄን የገደለው ሰው ሚስት አንቺ ነሽ?› አሉኝ። መልስ አጣሁ። ገድሎም ከሆነ ገድሏል ይበሉኝ፤ ብቻ መልስ ይስጡኝ።»

መርማሪው ቃል አልገባላትም። የሥራ ጓደኞቹ «ቆይ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት፣ ሰው ሁሉ ወደ ድምዳሜ ሲሮጥ ይህችን አንዲት ቃል ስለሚደጋግም ነው። አስከሬኑ ከመነሳቱ በፊት የተወሰዱትን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ አየ፤ በማስረጃነት የተያዘውንም ገመድ በብርሃን ፊት አገላበጠው። የሟቹ መዳፍ በደረቀ ደም ተሸፍኗል፤ ከወደቀ በኋላ ማጅራቱን ዳስሶ ነበር ማለት ነው። በዚያው መዳፍ የተገኘው ገመድ ግን የደም ጠብታ እንኳ አልነካውም። ከዚያ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ከሰርቨሩ ጀርባ ዞረ። የኔትወርኩ ገመድ ከሶኬቱ ወጥቶ፣ በሥርዓት ተጠምጥሞ፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የደነገጠ ሰው ገመድ አይጠመጥምም።

ከሟቹ ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ኤሌክትሪሺያኑ ነበር። በምሳ ሰዓት ጄኔሬተሩ ዘንድ እንደነበረ፣ ምስክሩም ጄኔሬተሩ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ሟቹን ይወደው ነበር፤ ሚስት አግብቶም ማታ ማታ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ስለሚሮጥ «ዘላለማዊው ተማሪ» እያለ ይተርበዋል፤ ሟቹም «የተማረ ይግደለኝ» እያለ ይመልስለታል። ስለ ገመዱ ሲጠየቅ ግን ቀልዱን ተወ።

«ጌታዬ፣ እኔ እስካሁን በሕይወት ያለሁት ኤሌክትሪክ ስለምፈራ ነው። ግድግዳው ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ያንን ትቶ ገመድ የሚነቅል ሞቱን የጠራ ነው።»

ሁለተኛው ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። የሆስፒታሉን የመጀመሪያ ኮምፒውተር በእጃቸው የተከሉ፣ ሟቹንም ከትምህርት ቤት እንደወጣ ተቀብለው ሙያ ያስያዙ ሰው ናቸው። በቢሯቸው ብቻቸውን ምሳ ይበሉ እንደነበር ተናገሩ፤ ከዚያም ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ሌባው በእሳቸው የይለፍ ቃል ገብቷል የሚል ሹክሹክታ በዚያ ዕለት ከረፋዱ ጀምሮ በየኮሪደሩ ይናፈስ እንደነበር አልሸሸጉም።

«እርስዎ ቢሆኑ ኃይሉን ያቋርጡ ነበር?» አላቸው መርማሪው።

«ቤት ሲቃጠል መጀመሪያ እሳቱ ነው የሚጠፋው። ማንኛውም ባለሙያ ያንን ነው የሚያደርገው። ልጄ ያደረገው ልክ ነበር፤ ዕድሉ ጠመመ እንጂ።»

ስለ መረጃ ደህንነት ሥልጠና ሲጠይቃቸው፣ ባለፈው ወር በሆስፒታሉ የተሰጠውን የከፈቱት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ነገሩት።

ሦስተኛዋ የሟቹ የሥራ ባልደረባ፣ ማታም አብራው ትማር የነበረች ወጣት ናት። ለምሳ ወጥታ ብቻዋን ስለበላች የሚመሰክርላት የለም። መርማሪው ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት።

«ኃይል አይቋረጥም» አለች ወዲያው። «የኔትወርኩ ገመድ ብቻ ነው የሚነቀለው። ሌባው ደጅ ይቀራል፣ አሻራው ግን ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ ብቻ በሚይዘው ሜሞሪ ላይ ይቆያል። በሥልጠናው ያስተማረን እሱ ነው።»

«ጋሼስ ተማሩ?»

«ከፈቱት። ‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም› ብለው ጥሩ ንግግር አደረጉ፤ አጨበጨብን። ከዚያ ስብሰባ አለብኝ ብለው ሄዱ።»

ከምሳ በፊት ሟቹ ምን እንዳገኘ ነግሯት እንደሆነም ጠየቃት። ነገረችው። መርማሪውም ሁሉም እስኪሰበሰቡ ድረስ ለማንም እንዳትተነፍስ ለመናት።

ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ያላቸው ሦስቱና የሟቹ ሚስት በሰርቨሩ ክፍል ቆሙ። ለሚስትየዋ ወንበር መጣላት፤ አልተቀመጠችም።

መርማሪው ከመዳፉ ጀመረ። ደሙ ደርቆ ገመዱ ንጹሕ መሆኑ፣ ሟቹ ገመዱን እንዳልያዘ፣ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው እንዳስያዘው ያረጋግጣል አለ። ቀጥሎ ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን አሳየ። ሟቹ ማድረግ የሚገባውን አድርጎ ጨርሶ ነበር፤ ኃይል የሚያቋርጥበት ምክንያት አልነበረውም።

«እንግዲህ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አደጋ ለማስመሰል የሚሞክር ሰው የሚያውቀውን ነው የሚያስመስለው። ኤሌክትሪሺያኑ ቢሆን የግድግዳውን ማጥፊያ ይጫን ነበር። እሷ ብትሆን የምታስይዘው የኔትወርኩን ገመድ ነበር፤ የሱን አሠራር ታውቃለች። ደህና ባለሙያ ኃይል ይነቅላል ብሎ እስከ ዛሬ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሼ፣ ሌላ ሰው አልከሰሰዎትም። ከእርስዎ አፍ ነው የሰማሁት።»

ኃላፊው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ሚስትየዋ ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አልነቀለችም። ቁጣቸውን ትተው ለእሷ በቀረበው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ይምጡ ላሳይዎት ብሎ ጠራኝ» አሉ፣ ለእሷ ብቻ የሚናገሩ ይመስል። «ስክሪኑ ላይ ስሜ በቀይ ተደጋግሞ ተጽፏል። ‹አዩት ጋሼ?› አለኝ እየሳቀ። የቀረው ጽሑፍ አልገባኝም። ሀሁ ላስቆጠርኩት ልጅ አልገባኝም ልበለው? አየሁ አልኩት። ‹በሉ ለሁሉም ላሳያቸው› ብሎ ሊወጣ ሲል… ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። ገፋሁት ብቻ።»

መርማሪው ወደ ወጣቷ አየ፤ የነገረችውን እንድትናገር በጭንቅላቱ ምልክት ሰጣት።

«ሌባው በእርስዎ ስም ለመግባት ደጋግሞ ሞክሮ ነበር» አለች። «አልተሳካለትም። ቀዩ የተከለከለ ማለት ነው፣ ጋሼ። የገባው በሌላ በር ነው። እሱ ይህን ሲያገኝ በደስታ ከወንበሩ ዘለለ። ‹መጀመሪያ እሳቸው ይስሙ፤ ከረፋዱ ጀምሮ ሐሜቱ እያቃጠላቸው ነው› ብሎኝ ነው እርስዎን ሊጠራ የሄደው።»

ሽማግሌው ወደ ጠፋው ሰርቨር ዞሩ። እጃቸውን ዘርግተው የብረቱን ሽፋን ነኩት፤ ቀዝቅዟል።

«አሁንም ይታያል አይደል?» አሉ። «ዲስኩ ላይ ተጽፎ ይሆናላ?»

«የዘንድሮ ሌባ ዲስክ ላይ ዱካ አይተውም። ያ ሁሉ ሜሞሪው ላይ ነበር፤ ገመዱ ሲነቀል ጠፋ።» ወጣቷ እንባዋን ጠረገች። «የሥልጠናው የመጀመሪያ ትምህርት ነበር፣ ጋሼ።»

ፖሊሶቹ ሲገቡ ኃላፊው እጃቸውን ሳይጠየቁ አቀረቡ። ሚስትየዋ ነጠላዋን አጣፋች።

«መኪና ልዘዝልሽ፣ እህቴ?» አላት መርማሪው።

«አያስፈልግም» አለች። «የወላዷ እናት ቤት በእግር ይደረሳል።»